ድንበር የረገጠ ጉልበት

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ጥር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ውርጩ የመንዝን ሜዳ ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎት ባደረበት ማለዳ፣ ከዘመሮ ከተማ በላይ ያለችው የአስታ ሜዳ ቀበሌ ሕዝብ የበግ ጠጉር ባናውን ተከናንቦ በሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ተሰበሰበ። ገብሱ ታጭዶና ተወቅቶ ወደ ጎተራ ገብቶ ነበር፤ በጎቹም በባዶው ማሳ ላይ ተለቀው ነበር፤ በደኅናው ዘመን ቢሆን ይህ ወር ገበሬ እግሩን ዘርግቶ የሚጫወትበት፣ ልጁን የሚድርበት ወር ነው። በዚያ ዓመት ግን እግሩን የዘረጋ አልነበረም፤ መሬት እንደገና ተለክቶ ይደለደላል የሚል ቃል ከላይ ወርዷልና።

ቃሉን ይዘው የመጡት ጢማቸው ገና ያልበቀለ ሹማምንት ነበሩ። በንጉሡ ጊዜ ባለ ርስትና ጭቃ ሹም የነበረውን ፊውዳል አሉት፤ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሥልጣን የያዘውን ቢሮክራት አሉት፤ የቀረውን ጭቁን ብለው ወንበር ሰጡት። ቢሮክራት የተባለ ሰው ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ፣ ትርፉም ለመሬት አልባው ወጣትና ለሴቶች እንዲሰጥ መወሰኑን አነበቡ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ፤ ማጨብጨብ ከሦስት መንግሥት ጀምሮ የለመደው ነገር ነውና።

መርስዔ ኃዘን ወልደ አማኑኤል ከሕዝቡ ኋላ በድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጦ፣ ቀኝ እግሩን ዘርግቶ ይህን ሰማ። በዚያ ጉባኤ እግሩን የዘረጋ እሱ ብቻ ነበር፤ የዘረጋውም ማጠፍ ስላቃተው ነው። ዕድሜው ወደ ስልሳ ተጠግቷል። ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ደግሟል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ትምህርት ሌሎች ተማሩት። አባቱ ግራዝማች ስለ ነበሩ ደርግ የገባ ሰሞን በዚሁ ቅጥር ሥር የፊውዳል ልጅ ተብሎ ተሰድቧል፤ ኋላ ፊደል የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ሰዳቢዎቹ ራሳቸው ለምነው ሊቀ መንበር አደረጉት፤ አሁን ደግሞ የሰዳቢዎቹ ልጆች ቢሮክራት አሉት። ይህን ሁሉ በልቡ እንደ እህል ቋጥሮ ያስቀመጠ ሰው ነበር፤ አንዲቱም ቅንጣት አልነቀዘችበትም።

ሽማግሌዎቹ ከሹማምንቱ ጋር ተከራክረው አንድ ነገር ብቻ አስቀሩ። መሬት የሚቆረጥበት ሰው የሚቀርለትን አራት ጥማድ ራሱ ይምረጥ፤ የመረጠውንም እንደ ጥንቱ ድንበሩን ረግጦ ይያዝ አሉ። ድንበር መርገጥ ማለት ባለ መሬቱ የማሳውን ጓል በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ በትከሻው ይሸከምና፣ ሽማግሌዎች እየተከተሉት የመሬቱን ዙሪያ በገዛ እግሩ ዞሮ ይምላል ማለት ነው። በበቅሎ የዞረ፣ ምርኩዝ የያዘ፣ ሰው የደገፈው፣ ወይም መካከል ላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ መሐላው አይጸናለትም፤ የሚደርሰውም ሌላው ንቆ የተወው መሬት ነው። በአስታ ሜዳ ተንቆ የሚተው መሬት ጅብራ ብቻ የሚበቅልበት የድንጋይ ሸንተረር ነበር።

የመርስዔ ኃዘን ምርጫ የታወቀ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ፣ በበልግም በመኸርም የሚያበቅለውን፣ አባቱ ምንጭ ሥር ብለው የሚጠሩትን ማሳ ይፈልጋል። ያ ማሳ ከእጁ ከወጣ ግራዝማች ወልደ አማኑኤል የሚባል ሰው በዚህ ምድር እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ እሱ የሚያስበው እንዲህ ነበር። ልኬታው ከየካቲት ኪዳነ ምሕረት በኋላ እንደሚጀመር ተነገረ። እስከዚያ ይህ ጉልበት መዳን አለበት።

ጉልበቱ የተጎዳው በገና ሰሞን ነው። የወደቀ የድንበር ድንጋይ ሊያቆም ሲታገል፣ እግሩ ተተክሎ ቀርቶ ወገቡ ዞረበት። እሱ የወደቀ ድንጋይ ነው ያቆምሁት ይላል፤ ጎረቤት ደግሞ የቆመ ድንጋይ ሲገፋ ነው የተገኘው ይላል፤ ለጉልበቱ ግን ሁለቱም አንድ ነበር። በማግሥቱ እንደ ድፎ አበጠ። የሚካኤልን ጠበል ተጠመቀ፤ ብርዱ አጥንቱ ድረስ ገባ እንጂ እብጠቱ አልጎደለም። ዘመሮ ወርዶ ከጤና ጣቢያው ነጭ ኪኒን ተሰጠው፤ ደብረ ብርሃን ሄዶ ፎቶ ይነሣ ተባለ። ከዚህ በኋላ ሚስቱ ጌታነሽ፣ ለሳምንት በአፏ ይዛው የቆየችውን ስም አወጣችው።

በዚያ አገር የጉልበት ነገር ሲነሣ የምትጠራ አንዲት እጅ ነበረች፤ የአማከለች እጅ። አማከለች ከአባቷ ወጌሻነትን የወረሰች፣ ሰባ ዓመት የተጠጋት መበለት ናት። ነገሩ ከበድ የሚለው እዚህ ላይ ነው። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት የብሔራዊ ውትድርና ኮታ ሲመጣ መርስዔ ኃዘን ሊቀ መንበር ነበር፤ የአማከለችን አንድ ልጅ፣ የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አባት የነበረውን ማዕረግን፣ በስሙ ጠርቶ ወደ መኪናው ያስጫነው እሱ ነው። ማዕረግ ወደ ሰሜን ሄደ፤ አልተመለሰም፤ ሞተም ብሎ የነገራት የለም። መርስዔ ኃዘን ግን በልቡ የያዘው ይህን አልነበረም። እሱ የያዘው ቀጥሎ የሆነውን ነው፤ የአባቱ ተዝካር በተደገሰ ዕለት አማከለች መጥታ፣ ሕዝቡ እያየ የቀረበላትን እንጀራ ገልብጣ፣ እጇን ሳትታጠብ ወጥታ ሄዳለች። ይህን ስድብ ዓመት በመጣ ቁጥር እንደ ክብረ በዓል ያስበው ነበር።

ቢሆንም በበቅሎ ተጭኖ ሄደ። አሮጊቷ ደጇ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ፣ የበግ ጠጉር ስትፈትል አገኛት። በልቡ አንቺ እንዳለ ነው፤ በአፉ ግን፣ «እንዴት ዋሉ፣ እማማ አማከለች» አለ።

እንዝርቷን አላቆመችም። «ዛሬ እርስዎ ሆንሁ? ያን ጊዜ ከጠረጴዛህ ኋላ ሆነህ፣ አንቺ ሴትዮ ዘወር በይ፣ ሥራ አታስፈቺን ነበር ያልኸኝ።»

«ያ የመንግሥት ነገር ነበር። ኮታ ነበር።»

«የአንተ ወንድምስ ወጣት አልነበረም?»

መርስዔ ኃዘን ወንድሙን በዚያ ሰሞን ታሞብኛል ብሎ በጌታነሽ ዘመዶች ዘንድ ደብቆት ነበር፤ አገሩም ያውቃል። አሮጊቷ እንዝርቱን አስቀምጣ ተነሣች፤ ከበቅሎው እንዲያወርዱት ለጎረቤቶቿ አመለከተች።

«ከደጄ የመጣ እግር መልሼ አላውቅም» አለች። «አባቴ ይህን እጅ ሲሰጡኝ፣ ወጌሻ ሆነሽ ሰው የመረጥሽ ዕለት ይደርቅብሻል ብለውኛል። ለእጄ ስል ነው። ለአንተ እንዳይመስልህ።»

መደብ ላይ አስተኝታ እጇን በፍም አሞቀች፤ ለጋ ቅቤ ቀብታ በአውራ ጣቷ ከጉልበቱ ሎሚ ሥር ጀምራ ዙሪያውን ቀስ እያለች ዳሰሰችው። አልቸኮለችም። ከጭኑ ወደ ታች፣ ከቅልጥሙ ወደ ላይ፣ ውሃ የቋጠረውን ወደ ጎን እየገፋች፣ ሕመሙ ወዳለበት ሳትደርስ ዳር ዳሩን ስታሸው ቆየች። ሥጋው እጇን ሲለምድ ያን ጊዜ ቅልጥሙን በብብቷ ይዛ ወደ ጎን ጥቂት ከፈት አደረገችው፤ መርስዔ ኃዘን ጮኸ።

«ወታደር ሲሠለጥን ከዚህ ይብሳል ይላሉ» አለች።

ከዚያም ጉልበቱን በአሮጌ ባና ቅዳጅ ጠቅልላ፣ ግራና ቀኝ ፍልጥ ቀርከሃ አድርጋ፣ ደም እንዳይቋረጥ ጣት እያስገባች አሰረችው። ፍርዷንም ያን ጊዜ ተናገረች። «ሎሚው ከቦታው አልሄደም። አጥንቱም ደኅና ነው። በውስጥ በኩል ያለው ጅማት ግን እንደ አሮጌ ጠፍር ተበጣጥሶ በክር ቀርቷል። ከተዉት ይይዛል። እስከ ኪዳነ ምሕረት አትርገጥበት፤ አታጥፈው፤ ለሌላ ሰው አታሳሸው። ቁልቁለት የወረድህበት እንደ ሆነ ግን ከዚያ ወዲያ ማንም አይመልሰውም። እኔም።»

ለውለታዋ ያመጣውን የቅቤ ቅል መልሳ በኮርቻው ላይ አንጠለጠለችው። እሱም መንገዱን ሁሉ ያሰበው ስለ ጅማቱ ሳይሆን ስለ ቅሉ ነበር፤ በልቡም ከተገለበጠው እንጀራ ጎን አስቀመጠው።

ጌታነሽ እንደ ታዘዘችው ጠበቀችው። ትኩስ ጨው በጨርቅ ቋጥራ ጭኑንና ባቱን እየተኮሰች፣ እግሩን በገብስ ጭድ በተሞላ ስልቻ ላይ አስቀምጣ፣ ውሎ ካደረ በኋላ እብጠቱ ጎደለ፤ ቆዳው ተሸበሸበ፤ እንቅልፍም መጣለት። ኪዳነ ምሕረት ብትዘገይም ትደርሳለች ብለው ተስፋ አደረጉ።

ጥምቀት ባለፈ በጥቂት ቀን የደልዳይ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ትዕዛዙ የሚባለው ሰው፣ በየደጁ እየዞረ አዲስ ቃል ተናገረ። በልግ ሳይጥል ይለቅ ተብሏል፤ ልኬታው በአስተርእዮ ማርያም ማግሥት ይጀመራል፤ የመጀመሪያውም ምንጭ ሥር ነው። መርስዔ ኃዘን ይህን ሲሰማ በአልጋው ላይ ቀና አለ። ትዕዛዙ የአማከለች የወንድም ልጅ ነው። የማዕረግ ልጅ ጽናት ደግሞ አሁን ሃያ ዓመቷ ነው፤ መሬት ከሚሰጣቸው ሴቶች አንዷ ናት፤ ምንጭ ሥር ባለቤት ካጣ ድርሻዋ ከዚያ እንደሚወጣ የማያውቅ አልነበረም። ቃሉ በእርግጥ ከወረዳ የመጣ ነው፤ በሌሎቹም ቀበሌዎች የሆነው እንዲሁ ነበር፤ መርስዔ ኃዘን ግን ከወረዳ በላይ አሮጊቷን ይፈራ ነበር። ነገሩን በየአንጓው ገጣጠመው፤ ገጠመለትም።

«ያቺ አሮጊት ያሰረችው ጉልበቴን አይደለም፤ እኔን ነው» አለ።

ጌታነሽ ለማመን አልፈቀደችም። «ሰውዬ፣ እብጠቱ እኮ ጎድሏል። ያለችው ሁሉ እየሆነ ነው።»

«እየተሻለኝ ነዋ! ከተሻለኝ ለምን ተኛ አለችኝ?»

ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ ያለ አልመሰለውም። ካራ አምጪ አላት፤ እንቢ ስትለው ራሱ ደርሶ አነሣና የባናውን እሥር ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ጉልበቱ ገርጥቶና ከስቶ ብቅ አለ።

በዘመሮ ገበያ ያሲን የሚባል ከቆላ የሚመጣ ነጋዴ ነበር፤ ጨውና ቅመም ይሸጣል፤ ለታመመ ሰው ደግሞ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ያሻል፤ በቀንድም ዋግምት ያደርጋል። መርስዔ ኃዘን በገበያ ቀን በበቅሎ ሄዶ ከድንኳኑ ሥር ጉልበቱን ገለጠለት። ያሲን አየውና እጁን ሰበሰበ።

«አቶ መርስዔ፣ እኔ ሕመሙን አደነዝዝልዎታለሁ። ቀንዱም የረጋውን ደም ይስባል። ጅማት መቀጠል ግን የእኔ ሥራ አይደለም። ይህን ያሰረ ሰው ነበር፤ ምልክቱ አለ። ጠይቀዋል?»

«ጠይቄያለሁ። ተራመድ ብላኛለች።»

ያሲን የእሥሩን ምልክት ደግሞ ተመለከተ፤ ከዚያ ቀንዱን አነሣ። በዋግምቱ ጥቁር ደም ወጣ፤ ዘይቱ እስከ ማታ ፈጀው፤ በማግሥቱ ግን እውነትም ሕመሙ ጠፋ። መርስዔ ኃዘን በግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ጌታነሽ በሩን ተደግፋ አየችው፤ እሱም ጉልበቱ ከተጎዳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀ። ግቢው ሜዳ እንደ ሆነ አላሰበም።

በአስተርእዮ ማርያም ማግሥት ከሽማግሌዎቹና ከገመድ ያዦቹ ቀድሞ ደረሰ። በጋቢው ላይ በርኖሱን ደርቦ ነበር። ትዕዛዙ ገመዱን በትከሻው አንጠልጥሎ ቆሟል፤ መሬት የሚጠብቁት ወጣቶችና ሴቶች በአንድ ወገን ተሰብስበዋል፤ ጽናትም በመካከላቸው ናት። አማከለች ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ ካብ ላይ፣ ማሳው ከዳር እስከ ዳር በሚታይበት ቦታ ተቀምጣ ትፈትል ነበር።

ትዕዛዙ ቀረብ ብሎ በለሆሳስ፣ «ጋሼ መርስዔ፣ እግርዎ ታሟል ይባላል። ሌላ ቀን ይሁን ካሉ ሽማግሌዎቹን ላነጋግርልዎ» አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ቃል እንደ በጎ ይቀበለው ነበር። መርስዔ ኃዘን ግን ቀና ብሎ ካቡ ላይ ወደ ተቀመጠችው አየ፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ ጓሉን በጋቢው ጫፍ ቋጠረ።

«የአባቴ ማሳ እግሬን ያውቀዋል። ሂድ ገመድህን ያዝ» አለ።

የላይኛውን ድንበር በደኅና ሄደ። በምሥራቁም በኩል ሜዳ ስለ ሆነ አልተቸገረም፤ እንዲያውም ፈጠን ብሎ ሽማግሌዎቹን አስከተላቸው። ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ድንበሩ ወደ ምንጩ ይወርዳል፤ ውርጩ በጧት ፀሐይ ቀልጦ መሬቱ አሟልጯል። ግራ እግሩን አስቀደመ፤ ቀኙን አስከተለ፤ ጥቂት እንደ ወረደ ቀኙን ረግጦ ግራውን ሲያነሣ፣ ከጉልበቱ ውስጥ የደረቀ የአስታ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ከኋላው ያሉት ሽማግሌዎች ሰሙት። አልወደቀም። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ከዚያ ወዲያ ቀኝ እግሩ የራሱ እንዳልሆነ ሁሉ ከወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ ተከተለው። አንዱ ሽማግሌ በቃህ ልጄ አሉት፤ ቢቀመጥ መሐላው እንደሚፈርስ እሳቸውም ያውቁ ነበርና ቃላቸውን አልደገሙም። ምንጩን ተሻገረ። የታችኛውን ድንበር እግሩን እየጎተተ፣ ምራቁን እየዋጠ፣ ማንንም ሳይነካ ጨረሰው፤ ከተነሣበት ድንጋይ ላይ ሲደርስ ጓሉን አወረደ፤ «የአባቴ ነው፤ ሚካኤል ይፍረድ» ብሎ ማለ፤ እንዳለም ተዘረረ።

ሽማግሌዎቹ መሐላው ጸንቷል አሉ። ትዕዛዙም ገመዱን ጠቅልሎ ምንጭ ሥርን በመርስዔ ኃዘን ስም አስመዘገበ።

በቃሬዛ ተሸክመው የወሰዱት ወደ አማከለች ደጅ ነው፤ ሌላ የሚወስዱበት አልነበረምና። አሮጊቷ ከካቡ ወርዳ ቀድማቸው ቤቷ ገብታ፣ እጇን በፍም እያሞቀች ጠበቀቻቸው። እንደ ቀድሞው ቀስ ብላ ዳሰሰችው፤ ቅልጥሙን ይዛ ስትነቀንቀው እንደ በር ወዲያና ወዲህ ሄደ። ለቀቀችው።

«አልቋል» አለች።

የተሸከሙት ሰዎች ወጡ። በመጨረሻ የመርስዔ ኃዘን አፍ በልቡ የነበረውን አንቺ አገኘው። «አውቀሽ ነው» አለ።

«ምኑን?»

«እንድራመድ ነው የፈለግሽው።»

«አትራመድ አልሁህ።»

«እንደማላምንሽ ታውቂያለሽ።»

አሮጊቷ ቅቤውን ከጣቷ በጨርቅ ጠረገች፤ አንዱን ጣት ከሌላው አስከትላ በደንብ ጠረገች። «አዎን» አለች። «ቄሱን ልኬ ባስነግርህ ትሰማ ነበር። ጌታነሽን ለብቻ ጠርቼ ብነግራት አልቅሳ ታስቀርህ ነበር። ይህን ሁሉ አሰብሁት፤ ተውሁት። ከእኔ አፍ የሰማኸውን እንደምትጥለው አውቄ፣ በእኔ አፍ ነገርሁህ። ውሸት ግን አልነገርሁህም። እጄም ይኸው፣ አልደረቀም።»

እሷም ቀርከሃውን አንሥታ፣ የማይድነውን እግር ቢያንስ እንዳይንጠለጠል ማሰር ጀመረች። እያሰረችም፣ «አንተም እኮ ያን ጊዜ ውሸት አልነገርኸኝም» አለች። «ኮታ ነው አልኸኝ። ኮታ ነበር።»

ከዚህ በኋላ መርስዔ ኃዘን ዕድሜ አላነሰውም። ምንጭ ሥርም የእሱ ሆኖ ቀረ። ነገር ግን ሞፈር የሚይዝ ሰው ሁለት እግር ያስፈልገዋል፤ ከኮታ ያስቀረው ወንድሙም ከተማ ገብቶ ሚስት አግብቶ አገሩን ረስቶት ነበር። ማሳው አንድ በልግ ጦም አደረ። በሁለተኛው በልግ በሬና ጉልበት ያለው ሰው ሲፈለግ፣ የድንጋይ ሸንተረሩ የደረሳት ጽናትና ባሏ በእኩል ያዙት። መርስዔ ኃዘን ካቡ ላይ፣ አሮጊቷ ተቀምጣበት በነበረው ቦታ፣ እግሩን ዘርግቶ ግማሹ ገብስ ወደ ማዕረግ ልጅ ቤት ሲጫን እያየ ይውል ነበር። ጽናት ባለፈች ቁጥር እንደምን ዋሉ ትለዋለች፤ ከዚያ የተረፈ ቃል ግን ሰጥታው አታውቅም። አማከለች ስትሞት ለቀብሯ በበቅሎ ሄደ፤ ከበቅሎው ግን አልወረደም። ሰው ይህን እንደ ንቀት ቆጠረው፤ አንዳንዱም መውረድ አቅቶት ነው አለ።

ስለዚያ ዓመት ድልደላ የተማሩ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል ይባላል። ስንት ገበሬ ቢሮክራት እንደ ተባለ፣ ስንት ጥማድ ከማን ወደ ማን እንደ ዞረ፣ ትክክል ነበር ወይስ በቀል እያሉ ይከራከራሉ። የመርስዔ ኃዘን ጉልበት በዚያ ክርክር ውስጥ የለም፤ የአሮጊቷም እጅ የለም። በአስታ ሜዳ ግን ከምንጩ በላይ ያለውን ያን ቁልቁለት እስከ ዛሬ ጉልበት ሰበር ይሉታል፤ የማን ጉልበት እንደ ነበረ ከሚያልፉበት ሰዎች የሚያውቀው ጥቂት ነው። ለእሱስ ስሙ ቢጠፋም ቁልቁለት ተርፎለታል። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት በዚያው መንገድ በመኪና ተጭኖ ለሄደው ለማዕረግ ግን ቁልቁለትም፣ ዳገትም፣ የወደቀ ድንጋይም እንኳ አልተሰየመለትም።